ዳባት ላይ ያቆመኝ የገዛ አፌ

ሰው አንድ ትምህርት ልማር ብሎ ሲነሳ ጎረቤቱ «ይቅናህ» ብሎት ያልፋል። ሁለቱን አጣምሬ ልማር ሲል ግን ቆሞ ያየዋል። እኔ «የሕግና የሃይማኖት ጥምር ሁለተኛ ዲግሪ ልማር ነው» ባልኩ ሰሞን ደባርቅ ውስጥ ቆሞ ያላየኝ ሰው አልነበረም። ዳቦ ልገዛ ብገባ ባለ ዳቦ ቤቷ፣ «ስትጨርስ ታስረናለህ ወይስ ትፈታናለህ?» አለችኝ። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ሥራውን ቀድሞ ለመያዝ አስቦ ይመስለኛል፣ «ካባህን ጥቁር ላድርገው ወይስ ጥልፍ ይኑረው?» ሲል ጠየቀ። እናቴ ደግሞ ጥቂት ካሰበች በኋላ፣ «ልጄ፣ ሰው ዳኛም ዘንድ ቄስም ዘንድ የሚሄደው ሲጨንቀው ነው። ደስ ያለው ሰው የሚመጣበት ሥራ የለም እንዴ?» አለች።

 መልስ ቢኖረኝም በአፌ አልመልስም። እኔ የምመልሰው በጽሑፍ ነው። እንጀራዬም ይኸው ነው፤ ፍርድ ቤት በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቼ የሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። ሕጉን የጀመርኩት የሰው አቤቱታ እየገለበጥኩ ነው፤ ኋላ በርቀት ትምህርት ዲግሪ ያዝኩበት። የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት ደግሞ ማታ ማታ ከመጻሕፍት ለቀምኩ፤ ያልገባኝን ቄስ ባገኘሁበት እጠይቃለሁ። ድምፄ ዝቅ ያለ ነው። ሱቅ ገብቼ ሳሙና ስጠይቅ ባለሱቁ ጨው ያነሳልኛል፤ ከምከራከር ጨዉን ይዤ እወጣለሁ። ቤታችን ውስጥ ያለው ጨው ለሠርግ ይበቃል።

ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። ሕግ የሚያስተምሩት «አንተ ወደ ቤተ ክህነት ታደላለህ» አሉኝ፤ ሃይማኖት የሚያስተምሩት «አንተ ፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ትሸታለህ» አሉኝ። እነዚያ ሁለት በሮች ተገጣጥመው አንድ ሦስተኛ በር ጎንደር ላይ ሲከፍቱ እኔን አስበው የሠሩት መሰለኝ። የቀረው ቦታ አንድ ብቻ ነበር። ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ፤ ቀጠሮው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። በጥሪው ላይ «በሰዓቱ ያልተገኘ እንደተወው ይቆጠራል» የሚል ቃል አለበት። ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኩት። ስሕተት አላገኘሁበትም።

ከማመልከቻዬ ጋር ቀድሜ የላክሁት የጥናቴ ሐሳብ «በሕግ አምላክ» ስለሚለው ጥሪ ነው። መቼም ታውቁታላችሁ፤ የተበደለ ሰው በዳዩን በዚህ ቃል ሲጠራው የተጠራው ባለበት ይቆማል። ሕግም አለበት፣ አምላክም አለበት፤ ለጥምር ዲግሪ ከዚህ የተሻለ ጉዳይ ከየት ይመጣል? ስሜን ተራራ ላይ ወዳሉት አምባራስና ጊች በእግሬ ወጥቼ ሽማግሌ ጠይቄበታለሁ። አንድ የአምባራስ አባት ቀስ ብለው፣ በሙሉ አፋቸው፣ «የተጠራ ሳይፈረድለት አይነሳም፤ የጠራም ክሱን ሳያሰማ አይሄድም» ብለው ነገሩኝ። እኔም በሚገባ ጻፍኩት። የጻፍኩት ግን «የጠፉ ልማዶች» በሚለው ክፍል ነው። ከሥሩም የምኮራበትን ዓረፍተ ነገር አስቀመጥኩ፤ «ዛሬ በመኪና መንገድ ላይ በዚህ ቃል የሚቆም ሰው የለም።» አጭር ነው፣ ጥርት ያለ ነው። ሞክሬው ግን አላውቅም። በሕይወቴ ሰውን በስሙ እንኳ ጮክ ብዬ ጠርቼ አላውቅም።

እንግዲህ በቀጠሮው ቀን ጧት ደባርቅ በጭጋግ ተሸፍና ሳለ ወደ ጎንደር በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ሾፌሩ ጋሽ ደምሌ ይባላሉ፤ ዕድሜያቸውን በሊማሊሞ ገደል መንገድ ላይ በጭነት መኪና ሲወጡ ሲወርዱ የኖሩ፣ አሁን ጉልበታቸው ሲደክም ወደ ሚኒባስ የዞሩ ሰው ናቸው። ከጎናቸው ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሙሳ ተቀምጠዋል። ከኋላቸው ቄስ አዱኛ አሉ። ከእኔ አጠገብ ደግሞ እትዬ ዘነቡ፣ ነጭ ሽንኩርት ነጋዴዋ፣ ጆንያቸውን በእኔና በእሳቸው መሀል እንደ አንድ ተሳፋሪ አስቀምጠውታል።

«ጭኔ ላይ ወረቀት ስላለ ጆንያውን ትንሽ ሳብ ቢያደርጉት» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«ምንም።»

ዳባት እስክንደርስ ጆንያው ጤዛውን ሁሉ አራገፈብኝ። የጥናቴ የመጀመሪያ ገጽ ረጥቦ፣ ስሜ ተጨማልቆ፣ ወረቀቱ በሙሉ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅና ይዞት ይሄዳል። እኔ ግን ያለቦታዋ የተቀመጠች ነጠላ ሰረዝ ካየሁ ምግብ የማይወርድልኝ ሰው ነኝ። ጋሽ ደምሌ ዳባት ገበያው ዳር «ቁርስ ያልበላ ይብላ፣ አንቆይም» ብለው ሲያቆሙ፣ ዲግሪዬና መታወቂያዬ ያለበትን ቦርሳ መቀመጫው ላይ ትቼ፣ ፍላሼን ብቻ ይዤ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ሮጥኩ።

ልጅቷ ፍላሹን ሰካች። ከፈተች። «ስንት ኮፒ?» ስትለኝ መብራት ጠፋ።

«ይመጣል» አለች።

«መቼ?»

«ሲመጣ ነዋ።»

ቆምኩ።  መብራቱ ተመለሰ፣ ማሽኑ አጉረመረመ፣ ግማሽ ገጽ ተፋና ደግሞ ጠፋ። ግማሹን ገጽ ይዤ ወጣሁ። ብቅ ስል ያየሁትን እስካሁን በሕልሜ አየዋለሁ፤ ሚኒባሱ እየሄደ ነው። ቦርሳዬን ይዞ፣ ዲግሪዬን ይዞ፣ ያችን አንድ የቀረች ቦታ ይዞ፣ እየሄደ ነው።

ሮጥኩ። አፌን ከፈትኩ። «ጋሼ» ልል ነበር፤ በእግዜር ይሁንብኝ፣ ላስብ የቻልኩት «ጋሼ» የሚለውን ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«በሕግ አምላክ!»

በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ያጠራቀምኩት ድምፅ በሙሉ ባንድ ጊዜ ወጣ። ሚኒባሱ ጎማው እስኪጮህ ፍሬን ያዘ። ባጃጅ ቆመ። በቅሎ የሚነዳ ሰውዬ ቆመ፤ በቅሎዋም ቆመች። ገብስ የምትሰፍር ሴት ጣሳዋን አየር ላይ እንደያዘች ቀረች። ከሁሉ ይበልጥ የደነገጥኩት ግን እኔ ነኝ።

ጋሽ ደምሌ በሩን ከፍተው ቀስ ብለው ወረዱ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጡም።

«ማነው የጠራኝ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ምን አድርጌህ?»

«የሄዱ መስሎኝ ነው። ምንም አይደለም። ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንሂድ።»

«እንሂድ?» አሉ፤ ቃሉን እንደማያውቁት የባዕድ ቃል አላመጡት። «የት ልሄድብህ ነው? ዘነቡ ሽንኩርቴን ፀሐይ መታብኝ ብትል ወደ ጥላው ባስጠጋ ነው የጠራኸኝ? እኔ ሊማሊሞን በክረምት ስወርድ ጸጉሬ የነጣ ሰው ነኝ። ፍሬን ከድቶኝ ያውቃል፤ ትራፊክ ቀጥቶኝ ያውቃል። የሕግ አምላክ ግን እስከዛሬ አልተጠራብኝም። ዛሬ ዳባት መሀል፣ ገበያው እያየ፣ ሌባ ተባልኩ።»

«ሌባ አላልኩም ጋሼ!»

«ታዲያ በሕግ አምላክ የሚባለው ለሙሽራ ነው?» አሉ እትዬ ዘነቡ በመስኮት።

ጋሽ ደምሌ ሞተሩን አጠፉ፤ ቁልፉን ነቅለው ኮፈኑ ላይ አስቀመጡ። ጋቢያቸውን አጣፍተው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ሳይፈረድልኝ አልነሳም» አሉ።

ተሳፋሪው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። ከዳባት እስከ ጎንደር ያለው መንገድ በዓይነ ሕሊናዬ ተዘርግቶ ይታየኛል፤ እያንዳንዱ ኩርባ ይታየኛል። ስምንት ሰዓት ከዚያ ወዲያ ሆኖ ይጠብቀኛል።

እዚህ ላይ አስተዋይ ሰው ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ ቦርሳውን ያወርዳል፣ ሌላ መኪና ይይዛል። እኔም አስተዋይ ልሁን ብዬ ቦርሳዬን አወረድኩና ወደ ቆመው ባጃጅ ጠጋ አልኩ። ቢያንስ ከገበያው ቢያወጣኝ መንገድ ላይ የሚያልፍ መኪና እለምናለሁ።

ባለ ባጃጁ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «አንተ አይደለህም እንዴ የጠራኸው?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ክስ ጥለህ የት ትሄዳለህ? እኔ እንዲህ ያለ ጭነት አልጭንም፤ ይገለብጠኛል።»

በዚህ መሀል ከድንጋዩ ላይ የጋሽ ደምሌ ድምፅ መጣ። አልጮኹም። «አንተ ልጅ» አሉ፣ «በሕግ አምላክ።»

ስለ እግሬ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እግሬ ያልተማረ ነው። ጥናቴን አላነበበም። ልማዱ መጥፋቱን፣ መጥፋቱም ገጽ ሦስት ላይ መመዝገቡን አያውቅም። ቃሉን ሲሰማ ጭቃ እንደያዘው ተተከለ። ቀኙን ላንሳ አልኩ፤ እንቢ አለ። ግራውን አልኩ፤ እሱም ቀኙን አየ። አሁን ሁለታችንም ቆመናል፤ እሳቸው በእኔ ቃል፣ እኔ በእሳቸው። አምባራስ ላይ የነገሩኝ ሽማግሌ ቢያዩኝ ምን እንደሚሉ አላውቅም። ሰውየው የጠፋ ልማድ አልነገሩኝም ነበር፤ ጠፋ ያልኩት እኔ ነኝ።

«ዳኛ ይሰየም!» አለ ከገበያተኛው አንዱ።

ጋሽ ደምሌ ጣታቸውን አነሱ። «ለእኔ ሐጂ ይፍረዱልኝ።»

እኔም «ለእኔ ቄስ አዱኛ» አልኩ። ሰው አልሰማኝም፤ እትዬ ዘነቡ ደግመው ጮሁልኝ፤ «ቄሱን ነው የሚል!» በዚያ ቀን ካገኘኋቸው ውለታዎች የመጀመሪያው ይህ ነው።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ወረዱ። ከመንገዱ ዳር ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ግንድ ተሰጣቸው። ነገሩ ቶሎ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። እነሱ ግን መጀመሪያ ማን ይክፈት በሚለው ተያያዙ።

«እርስዎ ይጀምሩ አባ» አሉ ሐጂ።

«ኧረ እርስዎ እያሉ! ይህማ አይሆንም» አሉ ቄሱ።

«የለም፣ አባት ይቀድማል።»

«ዕድሜዎ ይቀድመኛል ሐጂ።»

«በምን አወቁ? አብረን አልተወለድን!»

ሳቁ። ገበያውም ሳቀ። እኔ ቦርሳዬን በሁለት እጄ አንቄ ይዤ ፀሐይዋን አያለሁ። መጨረሻ ላይ ሐጂ ሙሳ ጀመሩ።

«ልጄ፣ ክስህን አሰማ።»

«በጽሑፍ ባቀርብስ?»

ዳባት ያን ያህል የሳቀችበት የገበያ ቀን መኖሩን እጠራጠራለሁ። ባለ ጣሳዋ ሴት ገብሷን ደፋች።

«ድምፅህን ምን ዋጠው?» አሉ ቄስ አዱኛ። «ቅድም ከቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ላይ እርግብ ያስነሳኸው አንተ አይደለህም? በዚያው ተናገር።»

«ክስ የለኝም። መኪናው የሄደ መስሎኝ ነው። በፍሬ ነገሩ ላይ የተፈጠረ ስሕተት ነው። እናም ክሴን አንስቻለሁ» አልኩ። በእኔ ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ያለ ማመልከቻ በሦስት መስመር ያልቃል።

ሐጂ ጺማቸውን ዳሰሱ። «ስሕተት መሆኑንማ መኪናዋም ታውቃለች። ግን የአምላክን ስም ጠርተሃል፤ ሰውም ቆሞልሃል። አሁን ትከሻህን ነቅንቀህ ብትሄድ፣ ነገ እውነተኛ ሌባ ሲሮጥ ዳባት ላይ ማን ይቆማል? አንድ ጊዜ የተጠራን ስም መልሰህ ኪስህ ልትከተው ነው?»

«ደግሞስ» አሉ ቄሱ፣ «ክስ አነሳሁ ስትል ከማን ላይ ነው የምታነሳው? ከደምሌ ላይ ነው ወይስ የጠራኸው አምላክ ሊሰማው ከጀመረ በኋላ ከእሱ እጅ ላይ?»

«አባ፣ መጀመሪያ የተበደለው ሰውየው ነው፤ ክብሩ ገበያ ላይ ወድቋል» አሉ ሐጂ።

«ሐጂ፣ መጀመሪያ የተበደለው ስሙ ነው፤ በከንቱ ተጠርቷል።»

«ሰውየው ካልታረቀ ስሙ ምን ይጠቅመዋል?»

«ስሙ ካልተከበረ ሰውየውን ማን ያስታርቀዋል?»

ሁለቱም ተመቻችተው ተቀመጡ። ሐጂ ጫማቸውን አወለቁ። ጨነቀኝ። ይህ እኮ እኔ ልማረው ያመለከትኩት ትምህርት ነው! የመጀመሪያው ዓመት በሙሉ ዳባት ባሕር ዛፍ ሥር እየተሰጠ ነው፤ እኔ ደግሞ ለመግባት ሰዓቱ እያለፈብኝ ነው።

ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ አላውቅም። ጋሽ ደምሌ ከድንጋያቸው አልተነሱም። አንድ ተሳፋሪ «ሰው ታሞብኛል፣ ኧረ ቶሎ በሉ» አለ፤ ሌላዋ «ይኸ ምሁር ነኝ ባይ በጠዋቱ አቆመን» አለች። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ደርሳ ዘንበል አለች። ያን ጊዜ ስልኬ ጠራ።

የስልኬ ጆሮ ከተበላሸ ቆይቷል፤ የሚሰማው ድምፁን ለአደባባይ ሲለቅ ብቻ ነው። አነሳሁት።

«ከቃለ መጠይቁ ክፍል ነው» አለች አንዲት ሴት። ገበያው ሁሉ ሰማ። «ተራህ ደርሷል፤ የት ነህ?»

«እየደረስኩ ነው» ማለት ይቻላል። ሰው ሁሉ የሚለው ነው። እኔ ግን ትክክል ያልሆነ ነገር ምላሴ ላይ ሲመጣ እንደ አሸዋ ይቆረቁረኛል።

«ዳባት ነኝ።»

«መኪና ተበላሽቶ ነው?»

«አይደለም። በሕግ አምላክ ተብዬ ቆሜያለሁ።»

«ማን አለህ?»

«መጀመሪያ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ወዲያ ማዶ መንሾካሾክ ተሰማ። ከዚያ ሌላ ድምፅ መጣ፤ የሕግ መምህርቷ ናቸው። «ከአንተ በኋላ ተጠሪ የለም፤ እኛም ልንነሳ ነው። እስክትደርስ አንድ ጥያቄ በስልክ እንጠይቅህ። ገጽ ሦስት ላይ 'ዛሬ በመኪና መንገድ ላይ በዚህ ቃል የሚቆም ሰው የለም' ብለሃል። ጥናትህ በሙሉ የተንጠለጠለው በዚህ ላይ ነው። ትከራከርለታለህ?»

ሐጂና ቄሱ ክርክራቸውን አቆሙ። ጋሽ ደምሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ።

«ምንድነው ያለችው?»

«በዚህ ቃል የሚቆም ሰው የለም ብሎ ጽፏል ነው የምትል» አሉ እትዬ ዘነቡ።

«እኔ ታዲያ ምንድነኝ?» አሉ ጋሽ ደምሌ። «ድንጋይ ነኝ?»

ተመልከቱ ችግሬን። እከራከርለታለሁ ብል ገበያው ይስቅብኛል፤ ጎንደር ያሉት ግን ምን ያውቃሉ? ዳባትን አያዩም። ሥራዬ ይድናል፤ ቦታዋ የእኔ ትሆናለች። አልከራከርም ብል ደግሞ ሁለት ዓመት የደከምኩበት ነገር በራሴ አፍ ይፈርሳል፤ ፈርሶ የሚመጣን ተማሪ ማን ይቀበላል?  ኮፈኑ ላይ ያለውን ቁልፍ አየሁት፤ ፀሐይ መትቶት ያብለጨልጫል። ማንም አልነካውም።

«አልከራከርም» አልኩ።

«አልሰማንህም!»

«አልከራከርም!» ጮህኩ፤ በዚያ ቀን ለሁለተኛ ጊዜ። «ስሕተት ነው። ፊት ለፊቴ አንድ ሰው ተቀምጠዋል። ምንም አላጠፉም። መንገዱ ክፍት ነው፣ ቁልፉ እዚያው ነው፣ የያዛቸው ፖሊስ የለም። እኔ ያለ ጥፋታቸው ጠራኋቸው፤ እሳቸው ግን ቃሉን ስለሰሙ ቆሙ። እስካሁንም አልተነሱም። ገጽ ሦስት ሐሰት ነው።»

አሁን የሽማግሌ ድምፅ መጣ፤ የሃይማኖቱ መምህር ናቸው። «እንግዲያው ንገረን ልጄ፤ ያቆማቸው ሕጉ ነው ወይስ አምላኩ?»

አፌን ከፈትኩ። ስልኩ ጧ አለና ጠፋ። ኔትወርኩ ሄደ።

ስልኩን ወደ ሰማይ አነሳሁት። ዞርኩበት። ከሽማግሌዎቹ ጎን ግንዱ ላይ ወጣሁ። የለም። እዚያው ግንዱ ላይ እንደቆምኩ ሐጂ ሙሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አባ፣ ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ። በሩቅ ላሉ ሰዎች፣ የራሱን ጥቅም የሚያፈርስ ቃል ሰጥቷል።»

ሁለቱ ጆሮ ለጆሮ ገጠሙ። በመጨረሻ ቄስ አዱኛ ተነሱ። «የሰው ስም በጩኸት ወድቋል፤ በሹክሹክታ አይነሳም። ቅድም ከቆምክበት ቦታ ቁም። ቅድም በጮህክበት ድምፅ ደምሌ ንጹሕ መሆኑን ተናገር። ያም ሲሆን ሰውየውም ይነሳል፣ የአምላክም ስም ይከበራል። ሐጂ፣ ይኸ ነው?»

«ይኸው ነው። ከዚያም ይሂዱ፣ ልጁ ቸኩሏል» አሉ ሐጂ ጫማቸውን እየፈለጉ።

ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። «ጋሽ ደምሌ ንጹሕ ናቸው!» አልኩ። ገበያው «አልተሰማም!» አለ። ደገምኩት። በሦስተኛው ድምፄ ተሰነጠቀ፤ እርግቦቹ ተነሱ። ያን ጊዜ ጋሽ ደምሌ ጋቢያቸውን አራገፉ፣ ቁልፋቸውን አነሱ፣ በአጠገቤ ሲያልፉ፣ «ግባ፤ ምን ትጠብቃለህ?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ስላለው መንገድ ብዙ አልልም። ሊማሊሞን የለመደ ሰው ሜዳ ላይ ሲቸኩል ምን እንደሚመስል ሳይሳፈሩ አይታወቅም። ቄስ አዱኛ ጸለዩ፤ ሐጂም በበኩላቸው ጸለዩ፤ እኔ ከሁለቱም ተካፈልኩ። ጎንደር መናኸሪያ ላይ ሌላው ሰው ወረደ። ሁለቱ ዳኞች ግን አልወረዱም፤ እትዬ ዘነቡም «የዚህን ነገር መጨረሻ ሳላይማ ሽንኩርቴ አይሸጥም» ብለው ቀሩ።

ከትምህርት ቤቱ በር ስንደርስ ስምንት ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። አንዲት ነጭ መኪና ከግቢው እየወጣች ነው። ውስጧ አንዲት መነጽር ያደረጉ ሴትና አንድ ነጠላ ያጣፉ ሽማግሌ ይታያሉ።

«እነሱ መሆን አለባቸው!» አሉ እትዬ ዘነቡ። «ጥራቸው!»

«ጥራቸው እንጂ!» አሉ ጋሽ ደምሌ ራሳቸው። «የምን ማፈር ነው አሁን?»

ወረድኩ። መኪናዋ ወደ አስፋልቱ ወጣች። አፌ ተከፈተ፤ ቃሉ ከጉሮሮዬ ደርሶ ተቀምጧል፤ ሊዘል ተዘጋጅቷል። ዘጋሁት። አፌን ዘግቼ ሮጥኩ። በመኪናዋ ጎን፣ ቦርሳዬንም ረስቼ፣ ነጭ ሽንኩርት የሚሸት ወረቀት በአየር ላይ እያውለበለብኩ ሮጥኩ። መታጠፊያው ላይ ቀስ ስትል ደርሼ መስተዋቱን በአንድ ጣቴ ነካ ነካ አደረግሁ።

መስተዋቱ ወረደ። ሴትየዋ አፍንጫቸውን ያዝ አደረጉ፤ ከዚያ ወረቀቱን አዩ።

«የዳባቱ ነህ?»

«አዎን።»

«እንዲህ ከምትሮጥ ለምን አልጠራኸንም? ቃሉን እንደሆነ ታውቀዋለህ።»

«ብጠራችሁ ትቆማላችሁ» አልኩ፤ ትንፋሼ እየተቆራረጠ። «ከቆማችሁ ደግሞ ክሴን ማሰማት አለብኝ። ክስ የለኝም። ያረፈድኩት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ወደ መስተዋቱ ጎንበስ አሉ። «ያልመለስከው ጥያቄ አለ። ሕጉ ነው ወይስ አምላኩ?»

መንገዱን ሙሉ ሳሰላስለው የመጣሁት ጥሩ መልስ ነበረኝ። ሦስት ክፍል አለው። አሁን ግን ያንን ሁሉ ሳየው እንደ ገጽ ሦስት ጥርት ብሎ ታየኝ፤ ፈራሁት።

«አላውቅም» አልኩ። «እሱን ልማር ነው የመጣሁት።»

ሁለቱ ተያዩ።  ሴትየዋ ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው ተቀበሉኝ፤ እንደ እርጥብ ጨርቅ። «ገጽ ሦስትን ቀይረህ ሰኞ ና። ለምዝገባ ዲግሪህን ይዘህ ና» አሉኝ። መኪናዋ ሄደች።

ዲግሪዬ! ዞር አልኩ። ጋሽ ደምሌ ሚኒባሷን አስነስተዋል። እየሄዱ ነው። ዲግሪዬ ያለበት ቦርሳ መቀመጫው ላይ፣ ከጆንያው አጠገብ፣ በመስኮቱ ይታየኛል። አፌ እንደገና ተከፈተ፤ እንደገና ዘጋሁት። ሚኒባሷ በአስፋልቱ ላይ ርቃ፣ ጥጉን ዞራ ከዓይኔ ጠፋች።

አጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። ጠበቅሁ።

በሌላኛው ጥግ መጡ። ወደ መናኸሪያው ለመመለስ መኪናዋን ሊያዞሩ ኖሯል የሄዱት። ጋሽ ደምሌ ፊት ለፊቴ አቁመው ክንዳቸውን በመስኮት አወጡ።

«በስፖኪዮ አይቼሃለሁ» አሉ። «አፍህን ከፍተህ ነበር።»

መዋሸት አልችልም። «ከፍቼ ነበር ጋሼ» አልኩ።

ጋሽ ደምሌ እጃቸውን ወደ ቁልፉ ሰደዱ፤ ሊያጠፉት ነው። እትዬ ዘነቡ «ወይኔ ሽንኩርቴ!» አሉ። ሐጂ ሙሳ ወደ ኋላ ዞረው ቄስ አዱኛን አዩ፤ ቄስ አዱኛም ሐጂን አዩ። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ማን ይቅደም ሳይባባሉ፣ ሁለቱም በአንድ አፍ ፈረዱ።

«ቃሉ አልወጣም፤ ንዳ!»